ስም ያልተጻፈበት ሥራ

ባለፈው ክረምት መርካቶ ውስጥ አንድ ፎቶ አነሳሁ። ዝናቡ ሲበረታ ከአንድ ሸራ ሥር የተጠለሉ ጫኝና አውራጆች ናቸው። የተለየ ጥበብ የለበትም፤ ግን ወድጄው ገጼ ላይ ለጠፍኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ፎቶ አንድ የዜና ገጽ ስለ ኑሮ ውድነት ካወጣው ዘገባ አናት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስሜ የለም። ስልካቸውን ፈልጌ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ በትሕትና «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ከፌስቡክ ነው ያገኘነው» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ለአንድ ሰዓት ያህል ተብሰለሰልኩ። ከዚያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጁን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ንዴቴ ወደ ኀፍረት የተለወጠው ያኔ ነው።

አዋጁ ፎቶግራፍን ይጠብቃል። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ፎቶው የአንድ ስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የባለቤቱን አለዚያም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ መያዝ አለበት። የእኔ ፎቶ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። ጥግ ላይ ስሜን ለመጻፍ አሥር ሰከንድ አይፈጅብኝም ነበር። አልጻፍኩም። ክርክሬን ገና ሳልጀምረው በራሴ እጅ አዳከምኩት።

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ፎቶ አይደለም። ፎቶው አንድ የቆየ ጥያቄ ስለቀሰቀሰብኝ ነው። የጥበብ ሰዎቻችን ሲራቡ፣ ሥራቸው ሲቀዳና ሲቸበቸብ የምንሰጠው ምክንያት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በዚህ አገር ሕግ የለም!» እውነት ግን ሕግ ስላልነበረ ነው? ታሪኩን ወደ ኋላ ሄጄ ስከተለው ያገኘሁት መልስ ሌላ ነው። ሕግማ ነበረን። ያጣነው ስም፣ ወረቀትና ሰብሳቢ ነው።

*መቅዳት ጽድቅ የነበረበት ዘመን*

ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ አገር መጽሐፍ የሚበዛው በቁም ጸሐፊ እጅ ነበር። ብራና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ወራት ፈጅቶ። ያን ጊዜ የሌላ ሰው ድርሰት መቅዳት ድካምና አገልግሎት እንጂ ነውር አልነበረም። በብራናዎች ላይ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ልብ በሉ፣ ግዝቱ የሚጠብቀው መጽሐፉን እንደ ዕቃ ነው። ቃሉን የቀዳውን ሰው ማንም አላወገዘውም፤ እንዲያውም ይመሰገናል።

ከዚህ ተነስቶ «የደራሲ ክብር የሚባል ነገር አናውቅም ነበር» የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ቅኔ ቤት ይግባና ይጠይቅ። ተማሪው መምህሩ ፊት የሚያቀርበው ቅኔ የራሱና አዲስ መሆን አለበት። የሰው ቅኔ የኔ ብሎ ያቀረበ ያፍራል። ዜማውም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በላይ አልፎም ዜማውን የምንጠራው በቅዱስ ያሬድ ስም ነው። ዛሬ የሕግ ባለሙያዎች «የሞራል መብት» የሚሉት፣ ማለትም ሥራው በባለቤቱ ስም የመጠራቱ ጉዳይ፣ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። እንግዳ የነበረው ገንዘቡ ነው።

የአዝማሪ ቤት ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበረው። አዝማሪው ግጥም ከአድማጭ ይቀበላል። አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው በማሲንቆ ያዜመዋል፣ ሽልማቱ የአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። የግጥሙ ባለቤት ማን ነው? የጠየቀ አልነበረም፤ ምክንያቱም ዘፈኑ ከሌሊቱ ጋር ያልቅ ነበር። ጥያቄው የመጣው ድምፅ ታስሮ መቀመጥ ሲችል ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ዘፋኙ በሌለበት የሚሸጥ ዕቃ ሆነ።

*ሕጉ ቀድሞ መጣ*

ብዙዎቻችን የቅጂ መብት ሕግ የመጣው በኢሕአዴግ ዘመን ይመስለናል። አይደለም። በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የሚናገር ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ከቁጥር 1647 እስከ 1674 ድረስ። የሕጉ ዋና አርቃቂ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ አስተሳሰቡም የዚያው የፈረንሳዮቹ ነው። የአእምሮ ሥራ ባለቤት ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ ባለመብት ይሆናል። መዝገብ ቤት መሄድ፣ ማኅተም ማስመታት አያስፈልገውም። ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎም አይጠየቅም።

ይህ የሆነው የወርቃማው ዘመን የሚባለው ሙዚቃችን ከመፍካቱ በፊት ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድና ብዙነሽ በቀለ በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ሲዘፍኑ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ተቀምጧል።

ታዲያ ለምን አልሠራም? አንደኛው ምክንያት በሕጉ ውስጥ ነው። ሕጉ ደራሲውን ያውቃል፤ ዘፋኙን፣ ሙዚቀኛውንና ቀረጻውን ያሠራውን ሰው ግን በቅጡ አያውቅም። «ተዛማጅ መብት» የሚባለው ነገር ገና አልነበረበትም። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ዘፋኙ የወታደር ደመወዝተኛ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ መሣሪያውን የሚገዛው መሥሪያ ቤት፣ አዳራሹም የመሥሪያ ቤቱ። አለቃውን «የዘፈኔ መብትስ?» ብሎ የሚጠይቅ አሥር አለቃ ማን አይቶ ያውቃል?

*ማን ያትም? የሚለው ጥያቄ*

በዚያ ዘመን መንግሥትን ያሳሰበው ሥራው የማን ነው የሚለው ሳይሆን ማን ያትመው የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጠ። ከማኅበሩ በቀር ማንም አይነካውም ተባለ።

ያን ክልከላ ደፍሮ የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረ፣ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ሸክላ የሚሸጥ ወጣት። እ.ኤ.አ. በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን ጀምሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። እስራት ሊመጣ እንደሚችል ያውቅ ነበር፤ አልመጣም። እስከ 1975 ባሉት ዓመታት ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ። ተከታዮችም መጡ። ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ኬይፋ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

እነዚህ ሰዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ያ ሙዚቃ ከመድረክ ጋር በጠፋ ነበር። ነገር ግን አንድ ልማድም አብሮ ተወለደ። ዘፋኙና አሳታሚው ፊት ለፊት ተቀምጠው ዋጋ ይቆርጣሉ፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፤ ያልቃል። ሰውየው የሸጠው ምንድን ነው? አንድ ሺህ ሸክላ ነው? የአገር ውስጥ ሽያጭ ነው? የዓለም ነው? ለአምስት ዓመት ነው ወይስ ለዘለዓለም? በቃል ስምምነት እነዚህ አይነሱም። መነሳት ያለባቸው አይመስልም ነበር፤ ዘፈን ከአንድ ክረምት በላይ ይሸጣል ብሎ ያሰበ አልነበረምና።

*የካሴት ዘመን*

አብዮቱ ሲመጣ አምሃ ወደ አሜሪካ ሄደ። ሸክላው ቀስ በቀስ ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ካሴት ሙዚቃን ገጠር ድረስ አደረሰ፤ የመቅጃውን መሣሪያ ግን ለሁሉም ሰጠ። ሸክላ ለመቅዳት ፋብሪካ ያስፈልጋል። ካሴት ለመቅዳት ሁለት አፍ ያለው ቴፕ ይበቃል።

ሙዚቃ ቤቶች «ማስተር» ይገዙ ጀመር። ድምፃዊው አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ከዚያ የሚመጣው ሁሉ የሙዚቃ ቤቱ ነው። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከድምፃዊው ኪስ በቁርጥ ይቀበላሉ። ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ የተባዛው ቅጂ መንገድ ላይ ይዞራል። ሙዚቃ ቤቱ ይከስራል፤ ሲከስር ለሚቀጥለው ማስተር የሚከፍለውን ይቀንሳል፤ የቀነሰው መጨረሻ ላይ ከገጣሚው ይጎድላል። ስርቆት የሚጎዳው ባለ ሱቁን ብቻ ነው የሚመስለን ይህን ሰንሰለት ስለማናየው ነው።

ካሴቱ ሲዲ ሆነ። አንድ ሲዲ ላይ የብዙ ዘፋኞችን ሥራ አጭቀው በጥቂት ብር የሚሸጡ አዟሪዎች መጡ። ሲዲውም አለፈና «ፍላሽ ላይ ሙላልኝ» ተባለ። መሣሪያው ተለዋወጠ፤ ጥያቄው ግን ያው የ1952ቱ ነበር።

*1996 እና ከዚያ ወዲህ*

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የግል ንብረት ሲተረጎም በጉልበት ብቻ ሳይሆን በመፍጠር ችሎታ የተገኘ፣ የሚዳሰስም የማይዳሰስም ውጤት ተካተተ። በ1995 የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በሐምሌ 1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ።

አዋጁ ለስላሳ አይደለም። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። «ከዋኝ» ብሎ የሚጠራቸው ድምፃውያን፣ ተዋንያንና ሙዚቀኞች እንዲሁም የድምፅ ቀረጻ ባለቤቶች 50 ዓመት ያገኛሉ። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ሲሻሻል ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያና ባለመብቶችን ወክሎ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር ጉዳይ በዝርዝር ገባ።

ሰብሳቢው ለምን አስፈለገ? አስቡት። አንድ የግጥም ደራሲ ዘፈኑ ዛሬ በየትኛው ሬዲዮ፣ በየትኛው ሆቴል፣ በየትኛው አውቶቡስ እንደተከፈተ ሊያውቅ አይችልም። ቢያውቅ እንኳ ከእያንዳንዱ ጥቂት ሳንቲም ለመቀበል ሲዞር ዕድሜው ያልቃል። ሌላው ዓለም ይህን የፈታው በማኅበር ነው። ተጠቃሚው አንድ ቦታ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ለባለቤቶቹ ያከፋፍላል። ለማከፋፈል ግን አንድ ነገር የግድ ነው፤ የእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ የሚናገር መዝገብ። እዚህ ላይ ነው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልጻፍነው ስም ዕዳ ሆኖ የመጣው። አድማጩ የሚያውቀው ዘፋኙን ነው። በሚኒባስ ውስጥ ሁሉም አብሮ የሚያዜመውን ዘፈን ግጥም የጻፈው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም የዘፋኙን ስም ብቻ ነበር የመለሱልኝ።

*ዓለም ሲያዳምጠን*

እ.ኤ.አ. በ1986 አንድ የቤልጅየም ኩባንያ «እሬ መላ መላ»ን ለአውሮፓ ገበያ አወጣው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ አልበም ፓሪስ ላይ መውጣት ጀመረ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም ውስጥ ተሰማ። በ2010 ናስና ዳሚያን ማርሌ «አዝ ዊ ኢንተር» ለሚለው ዘፈናቸው የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» መነሻ አደረጉት። ለአንድ ክረምት ሽያጭ የተቀረጸ ሥራ ከአርባ ዓመት በኋላ የዓለም ገበያ ላይ ወጣ።

እነዚያ ሥራዎች መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል የሆነችውም በ1990 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ አርቲስቱን ሊጠብቀው የሚችለው ዋናው ነገር በእጁ ያለ ውል ነበር። ውል የነበረው ተደራደረ፤ የጭብጨባ ስምምነት ብቻ የነበረው በሰው ደግነት ላይ ወደቀ።

አሁን ደግሞ ሰዓቱ እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ ሸክላ ላይ የአዋጁን 50 ዓመት ብትቆጥሩ 2019 ላይ ትደርሳላችሁ። የ1975ቱን ብትቆጥሩ 2025 ነው። ማለትም የወርቃማው ዘመን ድምፃውያንና አሳታሚዎች የተዛማጅ መብት ጊዜ፣ በዚሁ ስሌት፣ ዓለም ሸክላቸውን በውድ በሚገዛበት ሰዓት እያለቀ ነው። የገጣሚውና የዜማ ደራሲው መብት ግን ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ስማቸው የት ተጽፎ ይገኛል? በሕይወት ያሉት እየተመናመኑ ነው። አምሃም በ2013 ዓ.ም. አልፏል። ዛሬ ያልጠየቅናቸውን ሰዎች ነገ የምንጠይቃቸው አይደሉም።

*እኛስ?*

አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም አልሸሸውም። ድሃ አገር በዋናው ዋጋ ቢገዛ ኖሮ ማን ያነብ፣ ማን ያዳምጥ ነበር? እውነት ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በፎቶ ኮፒ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ሱቅ ባትኖር ኖሮ የተመረቅሁበትን ትምህርት መጽሐፍ በዓይኔም አላየውም ነበር። ልጅ ሆነን የሕንድና የአሜሪካ ፊልም ያየንባቸው ቪዲዮ ቤቶችም ለማንም ፈቃድ አልከፈሉም። ስለዚህ «ሌቦች» ብዬ ጣቴን ብቀስር ሦስቱ ጣቶች ወደ እኔ ይዞራሉ።

ግን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ተማሪ ሊማርበት አንድ ምዕራፍ ማባዛቱና ነጋዴ የሌላውን ሰው አልበም አትሞ መሸጡ አንድ አይደሉም። አዋጁም ለግል ጥቅምና ለማስተማር የተወሰነ በር ከፍቷል። ደግሞም ድህነቱ የአድማጩ ብቻ አይደለም። ግጥም የጻፈውም ሰው የቤት ኪራይ አለበት። የአድማጩን ድህነት በገጣሚው ድህነት መክፈል ከአንዱ ደሃ ኪስ ወደ ሌላው ማዛወር ነው።

በታሪኩ ውስጥ ያየሁትን ወደ ሥራ ልመልሰው። ለምታነሱ፣ ለምትስሉ፣ ለምትጽፉና ለምትዘፍኑ፦

ፎቶ ከሆነ ስማችሁን አኑሩበት። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

ሥዕል ከሸጣችሁ ሸራውን ሸጣችሁ እንጂ የማባዛት መብቱን አልሸጣችሁም። ገዢው ካላንደር ላይ ሊያትመው ከፈለገ ሌላ ስምምነት ያስፈልገዋል።

የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በቃል የተባለው ሁሉ ጠብ ሲመጣ ይተናል። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሰጣችሁ፣ ለስንት ዓመትና ለየት አገር እንደሰጣችሁ ይጻፍ። «ሙሉ መብት» የሚለውን ሐረግ ስታዩ ብዕራችሁን አስቀምጡና ዋጋውን እንደገና ጠይቁ።

በትእዛዝ ወይም በቅጥር ለምትሠሩ ደግሞ ይህቺን አስምሩባት። በአዋጁ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በሥራ ቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ዝምታችሁ በእናንተ ላይ ይቆጠራል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ጽሑፍና ስንት ፎቶ አስረክቤያለሁ።

ለዘፈን ሠሪዎች፣ ስቱዲዮ ከመግባታችሁ በፊት በአንዲት ገጽ ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ጽፋችሁ ሁላችሁም ፈርሙ። ጓደኝነታችሁን የሚያበላሸው ይህ ወረቀት አይደለም፤ ዘፈኑ ከተወደደ በኋላ የሚመጣው ጠብ ነው።

ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲ ወይም ሙዚቀኛ የነበሩ ደግሞ ዛሬ ማታ ሳጥኑን ክፈቱት። አሮጌ ውል፣ ደረሰኝ፣ በእጅ የተጻፈ ግጥም፣ የሸክላ ሽፋን ካለ ፎቶ አንሱት። በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አስቀርጿቸው፤ የትኛው ዘፈን የእርሳቸው እንደሆነ ይንገሯችሁ።

የዜና ገጹ ፎቶዬን አላነሳውም። እኔም አልከሰስኩም። ካሜራዬ ላይ ግን ስሜና ስልኬ በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ እንዲሰፍር አደረግሁ። ቁም ጸሐፊዎቹ ብራናው መጨረሻ ላይ ማን እንደጻፈውና ለማን እንደተጻፈ ማስፈር ያውቁበት ነበር። እኛም እንመለስበት።